ምዕራፍ አምስት፦ ዜሮና ባዶ መስመር

ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን የሜትሮሎጂ ጣቢያ ታዛቢ ወደ ዝናብ መለኪያው ይሄዳል። መለኪያው ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። ከዛፍና ከቤት ራቅ ብሎ በአጥር ውስጥ የቆመ፣ አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ቆርቆሮ ነው። ታዛቢው ከትናንት ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስፈሪያው ብርጭቆ ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውሃው ጋር ያስተካክላል። ውሃ በብርጭቆ ውስጥ ዳር ዳሩ ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ ስለሚል የሚነበበው ዝቅ ያለው ነው። 14.2 ከሆነ 14.2 ብሎ ይጽፋል። ዝናብ ካልነበረ 0 ይጽፋል።

ስለዚያች ዜሮ መጽሐፍ ቢጻፍ አይበዛባትም። ዜሮ ማለት ሰው ሄዷል፣ አይቷል፣ ቆርቆሮው ደረቅ ነበር ማለት ነው። መስመሩ ባዶ ከሆነ ግን ማንም ምንም ሊል አይችልም። ታዛቢው ታሞ ይሆን? ቆርቆሮው ተበስቶ ይሆን? ወይስ በዚያ ቀን 60 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ድልድይ ወስዶ ይሆን? ከሠላሳ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ተመራማሪ በዜሮው ላይ ስሌት ይሠራል፤ በባዶው መስመር ላይ ግን የሚሠራው ነገር የለም። በዚህ ምዕራፍ ስለ ኢሉባቦር ውሃ፣ አፈርና ጫካ ብዙ እናነሳለን። ሁሉም የሚያያዘው ግን አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ ተመላልሶ በመገኘቱና ባለመገኘቱ ነው።

ከምንለካው ነገር እንነሳ። ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ያለው ሰው ተፋሰስ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለበትም። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ላይ ያረፈው ዝናብ ሁሉ በአሸንዳው ተሰብስቦ በርሜል ውስጥ ይገባል። የጣሪያውን ስፋትና የዘነበውን መጠን የሚያውቅ ሰው በርሜሉ ውስጥ ስንት ሊትር እንደሚገኝ አስቀድሞ ይናገራል፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ልክ 1 ሊትር ነውና። ተፋሰስም እንደዚያው ጣሪያ ነው። ጉብታዎቹ የጣሪያው ጫፍ፣ ወንዙ አሸንዳው ነው። ልዩነቱ ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም፤ ምድር ግን ትጠጣለች። ትጠጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ በዛፍ ሥር አሳልፋ ወደ ሰማይ ትመልሳለች፣ የቀረውን ደግሞ ከወራት በኋላ በምንጭ በኩል ቀስ አድርጋ ትለቃለች። በጥር ወር፣ ጠብታ ሳይወርድ፣ በኢሉባቦር የመቱ ከተማ አካባቢ ወንዞች ለምን አይደርቁም ለሚል ልጅ መልሱ ይህ ነው፦ የሐምሌን ዝናብ ነው እየጠጣን ያለነው።

ይህ ጣሪያ በኢሉባቦር ሰፊና ዘወትር የረጠበ ነው። ብዙው የሀገራችን ደጋ ዋናውን ዝናብ የሚጠብቀው ሰኔ ላይ ሲሆን እዚህ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ጎሬ በሀገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ከተሞች አንዷ ናት፤ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርድባታል። ብዙ አንባቢ ጎሬን የሚያውቃት በታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ሲወጡ የቀረው መንግሥት የተሰባሰበባት፣ ራስ እምሩም የነበሩባት ከተማ ናት። እኔ ግን ጎሬን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ከኮረብታው ላይ የማይለቀው ጉም ነው።

ከእነዚህ ኮረብታዎች የሚነሳው ሶር ወንዝ ወደ ገባ ይወርዳል፤ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ። ባሮ ጋምቤላን አልፎ ሶባትን ይመግባል፤ ሶባት ደግሞ ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ነጭ ዓባይ ከደቡብ ይዞት የሚመጣውን ውሃ ገሚሱን ያህል በደቡብ ሱዳን ሰፊ ረግረግ ውስጥ በትነት ስለሚያጣ፣ ከማላካል በታች ከሚፈሰው ግማሽ ገደማው ከሶባት የመጣ ነው። ከመቱ በላይ ባለች ገደል ሥር የምትፈልቅ ምንጭ ካርቱም ድረስ ድርሻ አላት።

የባሮን ከፍታና ዝቅታ ከጥንት አጥብቆ የተከታተለው ደግሞ ነጋዴው ነበር። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆነች፤ የጎሬና የአካባቢው ቡና በበቅሎ ቁልቁል ወርዶ በመርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። መርከቧ መምጣት የምትችለው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ወራት ብቻ ነው። ወንዙ ቀድሞ ከጎደለ መርከቧ አሸዋ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ የውሃውን ከፍታ በየዕለቱ ማንበብ ገንዘብ ነበር፤ የጋምቤላም የወንዝ መዝገብ ከዚያ ዘመን ይጀምራል። በዚህ ውስጥ ትምህርት አለ ብዬ አምናለሁ። ልኬት ዕድሜ የሚያገኘው የሚፈልገው ሰው ሲኖር ነው።

አሁን ወደ ዲዚ የምርምር ጣቢያ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የሚባል ሥራ ጀመሩ። የሥራው ፊታውራሪ ሃንስ ሁርኒ የተባሉ የስዊስ ጂኦግራፈር ነበሩ። ጊዜው ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ ነው። በየተራራው እርከን ይሠራል፣ ግን እርከኑ ስንት አፈር እንዳስቀረ የሚያውቅ አልነበረም። ወሎ ውስጥ ማይባር ላይ ተጀምሮ፣ በሐረርጌ ሁንደ ላፍቶ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጢድ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ ዛሬ ኤርትራ በሆነው አፍደዩ ጣቢያዎች ተተከሉ። የመጨረሻው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተከፈተው፣ ከመቱ ብዙ የማይርቀው ዲዚ ነው።

ዲዚ ከሌሎቹ ይለያል። ማይባር፣ አንዲት ጢድና አንጀኒ ለብዙ መቶ ዓመታት የታረሱ፣ የተራቆቱ ደጋዎች ናቸው፤ ዲዚ ግን ጫካና ቁጥቋጦ፣ ቡናና የበቆሎ ማሳ፣ በሸለቆው ሥር ደግሞ ረግረግ ያለበት ቀይ አፈር ነው። ስፋቱም ከሁሉም ይበልጣል፤ 672 ሄክታር ገደማ። ለተመራማሪ ይህ ወሳኝ ነው፤ በሽታውን የሚያጠና ሐኪም ጤነኛ ሰው ካላየ ትኩሳቱ ስንት እንደሆነ ይወቅ እንጂ ስንት መሆን እንደነበረበት አያውቅም። ዲዚ በሰባቱ መካከል ወደ ጤነኛው የሚቀርበው ነበር።

በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ውስጥ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ትንሿ ማሳ አለች። ወርዷ 2 ሜትር፣ ቁልቁል ርዝመቷ 15 ሜትር፣ ዙሪያዋ በቆርቆሮ ታጥሮ ከውጭ ውሃ እንዳይገባባት ተደርጓል። ከግርጌዋ ጎርፉ የሚገባበት ገንዳ ተቀብሯል። 30 ካሬ ሜትር ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 750 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ገንዳው ውስጥ 15 ሊትር ከተገኘ ምድሪቱ የቀረውን ሁሉ ጠጥታለች። 300 ሊትር ከተገኘ ግን ችግር አለ። ያው ዝናብ፣ ያው ተዳፋት፣ አንዱ ማሳ ሣር የለበሰ፣ ሌላው የታረሰ ነው። ክርክሩን የሚዳኘው ገንዳው ነው።

ቀጥሎ ወንዙ። በመውጫው ላይ በሲሚንቶ የተሠራ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ዳር ላይ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ዘንግ ቆሟል። ታዛቢው ውሃው ዘንጉ ላይ የት እንደደረሰ ያነባል። ነገር ግን የአንድ ዓመት አፈር በአብዛኛው የሚሄደው በጣት በሚቆጠሩ የጎርፍ ቀናት ነው፤ ዋናው ሥራ ያለው እነዚያ ቀናት ላይ ነው። ውሃው ቀለሙን ቀይሮ ቡናማ ሲሆን ታዛቢው አንድ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ይቀዳል፤ ከዚያ በየ10 ደቂቃው እየቀዳ ይቀጥላል፤ ጎርፉ ማታ ቢመጣም ማታ ነው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ሰዓቱና የውሃው ከፍታ ይጻፍበታል። በኋላ ውሃው ተጣርቶ፣ ጭቃው ደርቆ ይመዘናል።

ቁጥሩን አንድ ጊዜ አብረን እናስላው። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ደረቅ አፈር 5 ግራም ነው እንበል፤ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። በዚያች ሰዓት ወንዙ በሰከንድ 1,000 ሊትር ያወርዳል እንበል። 5 ግራም በ1,000 ሲባዛ በየሰከንዱ 5 ኪሎ ነው። እስከ ቀጣዩ ጠርሙስ ባሉት 10 ደቂቃዎች 3,000 ኪሎ፣ ማለትም 30 ኩንታል አፈር አልፏል። ታዛቢው እንቅልፍ ጥሎት አንድ ጠርሙስ ቢያመልጠው 30 ኩንታል አፈር ማንም ሳያውቀው ሄደ። ከሁርኒና ከባልደረቦቻቸው መዝገብ በመነሳት በሀገራችን ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ከሄክታር ይታጠባል የሚለው ግምት የወጣው በእንዲህ ያለ ጠርሙስ ነው። 42 ቶን 420 ኩንታል ነው። ከሄክታር 40 ኩንታል በቆሎ የሚያፍስ ገበሬ ቢኖር፣ ካፈሰው በአሥር እጥፍ የሚበልጥ አፈር ይሸኛል ማለት ነው።

ከሰባቱ ጣቢያዎች የተገኘውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሁርኒ፣ ከበደ ታቶና ገተ ዘለቀ በጋራ ባሳተሙት ጽሑፍ አይተውታል። ከታረሱና ከተራቆቱ ትንንሽ ማሳዎች የሚወርደው ጎርፍ ጫካ ካለበት ማሳ ከ5 እስከ 40 እጥፍ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ይዤ ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን ተዳፋቶች ሳይ ልቤ ይጨነቃል። ባለፉት ዓመታት ጫካው እየሳሳ፣ በምትኩ ግራዋና ሌላ ቁጥቋጦ የለበሰ፣ ከዚያም የታረሰ መሬት በየቦታው አለ። ቁጥቋጦውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ጫካ አይደለም፣ እርሻም አይደለም፤ ‹ጠፍ መሬት› ይባላል። በተፋሰስ መዝገብ ዓይን ግን ቁጥቋጦ ዝናቡን ቅጠሉ ላይ ተቀብሎ፣ በሥሩ አፈሩን ይዞ፣ ጫካው እስኪመለስ የሚጠብቅ ዘበኛ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ጫካው ተመልሶ እንደማይመጣ የሚያሳይ የመጀመሪያው ምልክት። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አንድ ጊዜ በማየት አይታወቅም። በአምስተኛው፣ በአሥረኛው፣ በሃያኛው ዓመት ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው ዓለም ይህንን የተማረው በትዕግሥት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስቴለንቦሽ አጠገብ ዮንከርስሁክ የሚባል ሸለቆ አለ። ተራራው ፊንቦስ በሚባል ዝቅተኛ ቁጥቋጦ የተሸፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጥድ ተክል ወንዞቻችንን አደረቀ እያሉ ገበሬዎች ሲያማርሩ፣ መንግሥት በክርክር ፈንታ መለኪያ ተከለ። በአንዳንዶቹ ትንንሽ ተፋሰሶች ላይ ጥድ ተተከለ፤ አንዱ ግን ቁጥቋጦው እንዳለ ተተወ፤ ለማነጻጸሪያ። ጥዱ እያደገ ሲሄድ ወንዙ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጣ። መልሱ ጥርት ብሎ እስኪታይ አሥርት ዓመታት ፈጅቷል፤ መዝገቡም እስከ ዛሬ ይቀጥላል። በአሜሪካም ኒው ሃምፕሸር በሚገኘው ሃባርድ ብሩክ ጫካ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በየሳምንቱ የተሰበሰበው የዝናብና የወንዝ ውሃ ነው ሰሜን አሜሪካ የአሲድ ዝናብ እንዳለባት ያሳወቀው። ሲጀምሩ የአሲድ ዝናብ ፍለጋ አልወጡም ነበር። መዝገቡ ስለነበረ ተገኘ።

የዮንከርስሁክ ጥያቄ ለኢሉባቦር ሩቅ አይደለም። ዛሬ በረግረጉ ዳርና በምንጮች አጠገብ ባህር ዛፍ እየተተከለ ነው። ባህር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ይሆናል፤ ገበሬውን መውቀስ አይገባም። ግን ከዚያች ምንጭ ውሃ የምትቀዳዋ ሴት ‹በፊት እንስራው ቶሎ ይሞላ ነበር› ብትል፣ ምን ያህል በፊት? ስንት ደቂቃ? ምንጩን በየወሩ በአንድ ባልዲና በአንድ ሰዓት ለክቶ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ኖሮ የእሷ ቃል ብቻውን አይቆምም ነበር።

ይህን ስል አካባቢው መዝገብ አያውቅም ማለቴ አይደለም። የኢሉባቦር ገበሬ በራሱ መንገድ ከማንም በፊት የሚከታተለው ነገር አለ፦ ጨፌ።

ጨፌ በኦሮምኛ ረግረጉንም፣ እዚያ የሚበቅለውን ቄጠማ መሰል ሣርም ይመለከታል። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው፤ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡት በለመለመው መስክ ላይ ነበርና። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ በበዓል ቀን ወለል ላይ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር ይነጠፋል። ረግረጉ ራሱ በሸለቆው ግርጌ ተኝቶ ከተዳፋቱ የሚወርደውን ውሃ ይቀበላል፤ ዳርና ዳሩ ላይ የመንደሩ ምንጮች ይፈልቃሉ። በበጋ ደግሞ ከፊሉ ቦይ ተቀዶ ይጠነፍፍና በቆሎ ይዘራበታል። ይህ በቆሎ የሚደርሰው የደጋው ማሳ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ክረምት ነው። ስለዚህ ለድሃ ቤተሰብ ረግረግ የክረምት እንጀራ ነው፤ ‹ረግረግ ይጠበቅ› ብሎ መናገር ለከተማ ሰው ቀላል የሆነውን ያህል ለእነሱ ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የእንግሊዙ ሃደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መቱን ማዕከል አድርገው እነዚህን ረግረጎች አጠኑ። አድሪያን ዉድና አለን ዲክሰን ከእንግሊዝ፣ አፈወርቅ ኃይሉ ከእኛ ወገን ነበሩ። ዲክሰን በመቱ ዙሪያ በተመረጡ ረግረጎች ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች አስቀብሮ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ወርዶ እንደሚገኝ በተደጋጋሚ አስለካ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቱቦው ጎኑ የተበሳሳ ስለሆነ ውሃው ውስጡ እንደ አካባቢው ከፍታ ይቆማል፤ አንድ ሰው ሜትር አውርዶ ውሃው የነካበትን ያነባል። በክረምት ውሃው ከመሬት ጋር እኩል ይሆናል፤ ቦይ በተቀደደበት በበጋ ይወርዳል። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል ወይ?

መልሱ በአብዛኛው የተመካው ሰዎቹ በሚያደርጉት ነገር ላይ ሆኖ ተገኘ። በቆሎው ሲነሳ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው እንዲተኛ ከተደረገ፣ የረግረጉ ራስ ማለትም ምንጩ የሚነሳበት ላይኛው ክፍል ሳይታረስ ከቀረ፣ ሣሩ ይመለሳል፣ ውሃውም ይመለሳል። በዓመት ሁለቴ ከተዘራ፣ ከበቆሎው በኋላም ከብት ከገባበት፣ በተለይ በሰኮና ከተጠቀጠቀ፣ አፈሩ ይጠነክራል፤ ጨፌው ይጠፋና በቦታው ደረቅ መሬት የሚወድ ሣር ይበቅላል። ገበሬው ይህን ያለ ቱቦ ያውቀው ነበር። የትኛው ሣር ሲመጣ መሬቱ እንደሞተ፣ የትኛው ሲመለስ እንደዳነ ይለያል። ቱቦው የጨመረው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ከመንደር ወጥቶ ቢሮ ድረስ ይሄዳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አስተዳደሩ ረግረግ እየጠነፈፈ በቆሎ እንዲዘራበት በሰፊው ሲያበረታታ፣ ገበሬው ልቡ እያወቀ አንደበቱ ግን ማስረጃ አልነበረውም።

ከገበሬው መካከል ደግሞ አንድ ሰው አለ፤ አባ ላጋ ይባላል። ላጋ ማለት ወንዝ ነው። አባ ላጋ ረግረጉን የሚጠቀሙት ሰዎች የሚመርጡት አስተባባሪ ነው። ቦይ የሚቀደድበትን ቀን ያስታውቃል፤ የላይኛው ማሳ ባለቤት የታችኛውን ሳያጥለቀልቅ፣ የታችኛው የላይኛውን ሳያደርቅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲቆፍር ያደርጋል። ከብት እንዳይገባ ይጠብቃል። ሳይቆፍር የቀረውን ይጠይቃል። ይህ ሥርዓት በየቦታው አንድ ዓይነት ጥንካሬ የለውም፤ በአንዳንዱ ቦታ ላልቷል፣ በሌላው ጠንክሮ ቆይቷል። ከሥርዓቱ በላይ የሚገርመኝ ግን ይህ ሰው በጥቅምትም፣ በጥርም፣ በሰኔም ረግረጉን ሲዞር መገኘቱ ነው። አውቆ ‹ክትትል› ብሎ አልጠራውም እንጂ ሥራው ከዲዚ ጠርሙስ ቀጂ ጋር አንድ ነው። የሚለየው አንዱ ሲጽፍ ሌላው በቃል መያዙ ነው። የቃሉ መዝገብ ሰውየው ሲሞት ይዘጋል።

ወደ ጫካው ስንሻገር ነገሩ ይረቅቃል። ያዩ የቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዘገበ፤ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ነው። በመካከሉ ያለው የማይነካው እምብርት፣ ቀጥሎ ገበሬው ቡና የሚለቅምበት ዙሪያ፣ ከዚያ ደግሞ መንደርና ማሳ ያለበት የሽግግር ክልል ተብሎ ተከፍሏል። ገባ ወንዝ በመሃሉ ያልፋል። የዓለምን ቡና ያስገኘው አረቢካ ያለ ሰው እጅ የሚበቅልባቸው ጫካዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው። የያዩን ቡና ጫካ በዝርዝር ካጠኑት አንዱ ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ናቸው፤ የዶክትሬት ጥናታቸው በዚሁ ጫካ ላይ ነበር።

ዛሬ ‹ሳተላይት አለ፣ ሰው ለምን ይሂድ?› የሚል አለ። ሳተላይት ትልቅ ነገር ነው፤ ጫካ ሲመነጠር ወዲያው ያሳያል። የኢሉባቦር ጫካ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በምንጠራ አይደለም። ገበሬው ትልልቆቹን ዛፎች ለጥላ ይተዋቸዋል፤ ከሥር ያለውን ቁጥቋጦና ችግኝ መንጥሮ ለቡናው ብርሃን ይከፍታል። ከላይ ሲታይ ያው አረንጓዴ ነው። ከሥር ግን ትልቁ ቀረሮ ወይም ዋንዛ ሲሞት የሚተካው ልጅ የለም። አያቶች ብቻ የቀሩበት ቤት ማለት ነው። ይህን የሚያሳየው ቋሚ የጥናት ቦታ ነው፤ ዛፉ በቁጥር ሰሌዳ ይመዘገባል፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ግንዱ ይለካል፣ ችግኞች ይቆጠራሉ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ሰው ወይም ተተኪው ያችን ሰሌዳ ፈልጎ ደግሞ ይለካል። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ካልተገኘ የቀድሞው ልኬት ከንቱ ነው።

ጫካው ለምን እንደሚያሳስበን ከመቱ ራሷ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ሀገራችን ገባ፤ ገና አረንጓዴ ሳለ ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል። የጅማ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ተሰማሩ። በመቱ አካባቢ ቢሻሪ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1974 ከተመረጡት መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ይገኛሉ። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ዓመቱ ነው። ዛሬ በብዙ የሀገራችን የቡና ማሳዎች ይገኛሉ፤ በውጭ ሀገር ቡና ቤቶች ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ቁጥራቸው ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ሰው ቢሻሪን መንጥሮት ቢሆን ኖሮ ማንም የጠፋ ነገር አለ አይልም ነበር፤ ምን እንደነበረ የሚያውቅ አልነበረምና።

ወደ ዲዚ መዝገብ ልመለስ። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያበቃ ጣቢያዎቹ ለየክልሎቹ የምርምር ተቋማት ተላለፉ። ከዚያ በፊትም በ1983 ዓ.ም. ለውጥ ወቅት በአንዳንዶቹ ጣቢያዎች መዝገብ ላይ ክፍተት ተፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የውሃና የመሬት ሀብት ማዕከል ከእነዚህ ጣቢያዎች የተረፈውን መረጃ እያሰባሰበና ሥራውን እያስቀጠለ ነው። መቱም በዚያው ዘመን የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። አሁን በየዓመቱ የሚመረቁ የተፈጥሮ ሀብት ተማሪዎች አሉ። አንዱን ክፍል ተማሪ አንድ ምንጭ፣ ቀጣዩን ክፍል ያችኑ ምንጭ፣ እያንዳንዱን ዓመት ያችኑ ምንጭ ማስለካት የሚጠይቀው ባልዲ፣ ሰዓትና ደብተር ነው። የመመረቂያ ጥናት ግን በየዓመቱ አዲስ ርዕስ ይፈልጋል፤ ‹ያለፈው ዓመት የተሠራውን ደገምኩ› የሚል ተማሪ ውጤቱ አያምርም። ይህ ሊለወጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ መድገም ዋናው ነገር ነው።

በየከተማው ያለው ውሃ ቢሮ፣ ሶር ላይ ያለው 5 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ቡናውን የሚያጥበው ማኅበር፣ ከምንጩ የምትቀዳው እናት፣ ሁሉም በአንድ ውሃ ይኖራሉ። ማመንጫው በጥር ስንት ውሃ ይደርሰኛል ብሎ የሚጠይቀው ባለፉት ጥሮች ስንት እንደደረሰው ስለሚያውቅ ነው። ዲዚ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲዘንብበት፣ ጎሬ እዚያው ዞን ውስጥ ሆና ከዚያ እጅግ ትበልጣለች። በጎሬ ልኬት የዲዚን ጎርፍ የሚገምት መሐንዲስ ድልድዩን አለአግባብ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ አይበቃም፤ ያሉትም እንዳይዘጉ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በጥር ወር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ታዛቢው ሌሊቱን ጠብታ እንዳልወረደ ከአልጋው ሳይነሳም ያውቃል። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ጎረቤቱም ደረቅ መሆኑን ያውቃል። ሆኖም አጥሩን ከፍቶ ይገባል፣ ቆርቆሮውን ያነሳል፣ ውስጡን ያያል። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ቀኑን ይጽፍና ከጎኑ 0 ያደርጋል።